ለልጆች የሥዕል ዕቃ ስንገዛ፦ ከቀለሙ ብዛት ይልቅ የሚሠራው ሥራ ብዛት

ነሐሴ ተጋምሶ ጳጉሜን ሲቃረብ በአራት ኪሎ፣ በሜክሲኮና በለገሃር ዙሪያ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በደብተር፣ በቦርሳና በከለር ይሞላሉ። ለልጁ የሥዕል ዕቃ ሊገዛ የመጣ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ባለ ስንት አላችሁ?» ብሎ ነው። ሻጩም ባለ 12፣ ባለ 24 እና ባለ 36 ፓኮዎችን ባንኮኒው ላይ ይደረድራል፤ ወላጁም ኪሱ እስከፈቀደለት ድረስ ትልቁን ያነሳል። ጥያቄው ግን ስለ ዕቃው ጠቃሚነት የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። በባለ 36ቱ ፓኮ ውስጥ ያሉት ባለ ቀለም እርሳሶች በሙሉ የሚሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀጭን መስመር ያሰምራሉ፣ በመስመር የተከበበውንም ቦታ ይሞላሉ። ከባለ 12ቱ ይልቅ ባለ 36ቱ የተገዛለት ልጅ ሃያ አራት ተጨማሪ ቀለም አገኘ እንጂ አንድም አዲስ ሥራ አላገኘም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው በናረበት በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ይህ ልዩነት ከሥነ ጥበብ ጉዳይነት አልፎ የቤት በጀት ጉዳይ ሆኗል።

አንድን የሥዕል ዕቃ ሁለገብ የሚያሰኘው ልጁ በእጁ ይዞት ስንት የተለያየ ነገር ሊያደርግበት መቻሉ ነው። ዕቃው ከራሱ ዓይነት ወይም ከሌላ ዕቃ ጋር ተደባልቆ አዲስ ነገር ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? በነጭ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው ወይስ በካርቶን፣ በጨርቅና በድንጋይ ላይም ይሠራል? የሦስት ዓመቷ ታናሽና የዘጠኝ ዓመቱ ታላቅ እኩል ሊጠቀሙበት ይችላሉ? አንዱ ቀለም ሲያልቅ ያንኑ ብቻ ለይቶ መግዛት ይቻላል ወይስ ሙሉው ፓኮ ይጣላል? እንግሊዛዊው የጥበብ ሰው ሳይመን ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጽሑፍ በአንድ አካባቢ የሚታየው የፈጠራ ችሎታና አዲስ ነገር የማግኘት ዕድል በዚያ ከሚገኙት ተለዋዋጭ ነገሮች ብዛትና ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው ሲል ተከራክሮ ነበር። ክርክሩ ከሞላ ጎደል የሥዕል ዕቃንም ይመለከታል፤ ተለዋዋጭ የሚባለው ግን ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ራሱ የሚሆነው ሁሉ ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ከደረቅ ቀለሞች ሁሉ የሚበልጠው በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው ክራዮን ነው። ክራዮን በዋነኛነት ከፓራፊን ሰምና ከቀለም ዱቄት የሚሠራ ሲሆን፣ የሁለገብነቱም ምክንያት ሰሙ ነው። በጫፉ ሲያዝ መስመር ያወጣል፤ ወረቀቱ ተልጦ በጎኑ ሲጋደም ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ይሸፍናል። የአንድ ብር ሳንቲም ከስስ ወረቀት ሥር ተደርጎ ክራዮኑ በጎኑ ቀስ ተደርጎ ቢፈተግበት በመጀመሪያ የሳንቲሙ ክብ ጠርዝ፣ ቀጥሎ በመሐልና በዙሪያው ያሉትን ሁለት ብረቶች የሚለየው ክብ መስመር፣ በመጨረሻም የአንበሳው ፊት ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ከሳንቲሙ ጉብ ያለው ክፍል ብቻ ሰሙን ስለሚቀበል ነው ምስሉ የሚታየው። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ልጅ የመሶቡን ስፌት፣ የቅጠሉን ሥር፣ የጫማውን ሶል፣ የግቢውን የብረት በር በየተራ ሲፈትግ ይውላል፤ በዚህ ጊዜ ያወጣው ወጪ አንድ ክራዮንና ጥቂት ወረቀት ብቻ ነው። ሰም ውሃን ስለማይቀበል በነጭ ክራዮን የተሣለ ሥዕል ላይ በውሃ የቀጠነ ቀለም ቢቀባበት የማይታየው ሥዕል በቀለሙ መሐል ነጭ ሆኖ ይወጣል። ደማቅ ቀለሞች በወፍራሙ ከተቀቡ በኋላ በላያቸው ጥቁር ክራዮን ተደርቦ በስቴኪኒ ወይም በቀለም አልባ እስክሪብቶ ጫፍ ቢፋቅ ደግሞ ከሥር ያሉት ቀለሞች በመስመር መስመር ብቅ ይላሉ።

ክራዮን ተጭነው ካልሳሉበት ደብዛዛ ነው ተብሎ ይወቀሳል። ወቀሳው ትክክል ቢሆንም በትንንሽ ልጆች ዘንድ ጥቅም አለው፤ መጫን የጣትና የመዳፍ ጡንቻን ያጠነክራል፣ ማርከር ግን ወረቀቱን ሲነካ ገና ስለሚጽፍ ይህን አይጠይቅም። ተሰብሮ ያጠረ ክራዮንም መጣል የለበትም፤ አጭር በመሆኑ ምክንያት ልጁ በጡጫ ሊጨብጠው ስለማይችል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥሮ እንዲይዘው ያስገድዳል፣ ይህም በኋላ እርሳስ ለሚይዝበት አያያዝ መለማመጃ ነው። ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑት ግን ወፍራሙን ዓይነት መምረጥ ይገባል።

ማርከር ደማቅ ነው፣ ልጆችም ይወዱታል፤ ይሁንና ክዳኑ ክፍት ባደረ ቁጥር ይደርቃል፣ ቀለሙ በሌላው ላይ አይደባለቅም፣ አንዱ ሲያልቅም ለብቻው አይሞላም። ለአንድ የተለየ ሥራ ጥቁር ማርከር አንድ መኖሩ ይጠቅማል እንጂ ዋናው ዕቃ ሊሆን አይገባም። ኦይል ፓስቴል በአንጻሩ ከክራዮን ይለሰልሳል፣ በጣት ሲታሽ ቀለሞቹ ይዋሃዳሉ፣ በጥቁርና በቡናማ ወረቀት ላይም ይደምቃል፤ እጅና ልብስ ስለሚያቆሽሽ ዕድሜያቸው ስድስትና ሰባት ዓመት ለደረሱት የተሻለ ነው። የሰሌዳ ጠመኔ ከሁሉም ርካሽ ሲሆን በግቢ ሲሚንቶ ላይ ሲሣልበት ከወረቀት የማይገኘውን ስፋት ይሰጣል፤ ውሃ ውስጥ ነከር ተደርጎ ቢሣልበት ደግሞ ብናኙ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ይጠነክራል። አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ከደረቁ ይልቅ የረጠበውን መጠቀም ያሻል።

አሁን ወደ ፈሳሽ ቀለም እንለፍ፤ ወላጅ ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነውና። አሥራ ሁለት ዓይነት ቀለም በትንንሽ ጠርሙስ ከመግዛት አምስት ቀለም ብቻ፣ ማለትም ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር፣ በትልቅ ዕቃ መግዛት እጅግ ይመረጣል። ከቢጫና ከሰማያዊ አረንጓዴ፣ ከቀይና ከቢጫ ብርቱካናማ እንደሚገኝ አብዛኛው ሰው ያውቃል። ልጁ አረንጓዴውን ከጠርሙስ ሲያገኝና ራሱ ሲያወጣ የሚማረው ነገር አንድ አይደለም፤ በሁለተኛው መንገድ ቢጫ ሲበዛ የጎመን ቡቃያ፣ ሰማያዊ ሲበዛ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጠብታ ቀይ ሲገባበት ደግሞ የደረቀ ሣር የሚመስል አረንጓዴ ስለሚያገኝ ከሁለትና ከሦስት ጠርሙስ ቁጥሩ የማይታወቅ ቀለም ያወጣል።

ቅሬታ የሚነሳበት አንድ ድብልቅ አለ። ቀይና ሰማያዊ ሲደባለቁ ወይን ጠጅ ይወጣል ተብሎ ሳህኑ ላይ የሚቀረው ግን ጭቃ የመሰለ ቡናማ ነው። ምክንያቱ የቀዩ ዓይነት ነው። በርካሽ ከሚሸጡት ቀዮች ብዙዎቹ ወደ ብርቱካናማ ያደሉ ናቸው፤ ይህም ማለት በውስጣቸው ቢጫ አለ። ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ በአንድነት ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ብርሃን ስለሚውጠው ውጤቱ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናል። መፍትሔው ሌላ ወይን ጠጅ ጠርሙስ መግዛት ሳይሆን ወደ ሮዝ ያደላ ቀይ መፈለግ ነው፤ ከተቻለም ሁለቱንም ዓይነት ቀይ መያዝ፣ አንዱን ለብርቱካናማ ሌላውን ለወይን ጠጅ። ሱቅ ውስጥ ለመለየት ቀላል ነው፤ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው ወደ ቲማቲም የትኛው ወደ ቀይ ሥር እንደሚያደላ ማየት ይበቃል። ከአምስቱ ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ነጩ ስለሆነ ለእርሱ ትልቁን ዕቃ መምረጥ ብልህነት ነው፤ ጥቁር ግን ጥቂት ጠብታው የቀረውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ትንሹ ጠርሙስ ዓመት ያገለግላል።

የትኛው ፈሳሽ ቀለም ይገዛ ለሚለው ጥያቄ የመሐል አዲስ አበባ ኑሮ ራሱ መልስ ይሰጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ አክሪሊክ ለልጅ መግዛት አይመከርም። አክሪሊክ ሲደርቅ ወደ ፕላስቲክነት ስለሚለወጥ ሁለተኛ በውሃ አይለቅም፤ ብሩሹ ወዲያው ካልታጠበ ጠጉሩ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ላይ የፈሰሰውም እዚያው ይቀራል። ፖስተር ከለር የሚባለው ግን ከደረቀ በኋላም በውሃ ይለሰልሳል። ከሁሉም ቆጣቢው በደረቅ ቁርስራሽ መልክ በትንንሽ ጉድጓድ የሚመጣው ዋተር ከለር ሲሆን፣ አንድ ሲኒ ውሃ ለረጅም ሰዓት ይበቃዋል፣ ሳያልቅ ቢደርቅም በማግሥቱ በረጠበ ብሩሽ ይነሳል። በእኔ ግምት ቦታና ውሃ ያነሰው ቤተሰብ ከዋተር ከለር ቢጀምር፣ ሰፊ ወረቀት ላይ በእጅና በስፖንጅ ለመሣል ሲፈለግ ፖስተር ከለሩን ቢጨምር ይሻለዋል።

ወጥ ቤቱም የራሱ ቀለም አለው። ከበረካ በኋላ ጀበና ውስጥ የቀረው አተላ በድጋሚ ፈልቶ ሲወፍር ጥሩ ቡናማ ይሰጣል፤ ከሰል ተወቅጦ በጥቂት ኮላ ሲለወስ ጥቁር ይሆናል፣ የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ያወጡ እንደነበር እዚህ ላይ ማንሳት ለልጅ ጥሩ ወሬ ነው። እጅግ የሚያስደንቀው እርድ ነው። በውሃ የተበጠበጠ እርድ ወረቀት ላይ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ የተነከረ ብሩሽ ቢያርፍበት ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ በዚያው ላይ ሎሚ ቢነካ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር አሲድና አልካሊ ሲያገኘው ቀለሙን ስለሚቀያይር ነው። ነገር ግን እርድ ልብስ ያበላሻል፣ ፀሐይም ያደበዝዘዋል፤ ለማስቀመጥ ሳይሆን ለመሞከር የሚሆን ቀለም ነው።

ስለ ወረቀት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን ሊታወቅ ይገባል። ለፎቶ ኮፒ የሚውለው የተለመደው ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ስለሚመዝን ለክራዮንና ለእርሳስ ይበቃል፤ ውሃ ሲነካው ግን ይጨማደዳል፣ ይቀደዳልም። ለፈሳሽ ቀለም 160 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ወፍራም ወረቀት ያስፈልጋል። ይህ ውድ ሲሆን የዕቃ ካርቶን የውስጥ ገጽ ጥሩ ምትክ ነው፤ ደብተር የሚሸፈንበት ቡናማ ካኪ ወረቀትም ነጭ ጠመኔንና ኦይል ፓስቴልን ያደምቃል። ዓመቱ ሲያልቅ ከግድግዳ የሚወርደው ትልቁ ካላንደር በፊቱ በኩል ስለሚያብረቀርቅ ቀለም አይዝም፤ ጀርባው የማያብረቀርቅ ከሆነ ግን ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተንበርክከው የሚሥሉበት ሰፊ ቦታ ይሆናል።

በእጅ ከሚቀረጹት መካከል ከሸክላ ጭቃ የሚበልጥ የለም። በሸክላ ሥራ በምትታወቀው ቀጨኔ ጭቃውን ከሠሪዎቹ ጠይቆ መግዛት የሚቻል ሲሆን፣ በእሳት እስካልተተኮሰ ድረስ የደረቀው ተሰባብሮ በውሃ ቢዘፈዘፍ ወደ ጭቃነቱ ስለሚመለስ አንድ ከረጢት ጭቃ ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። ጭቃ ማግኘት ላልቻለ ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ዘይትና ቀስ እያለ የሚጨመር አንድ ኩባያ ያህል ውሃ በአንድነት ታሽተው ጥሩ መቅረጫ ሊጥ ይወጣቸዋል። ጨው ሻጋታን ይከላከላል። የጤፍ ዱቄት ለዚህ አይሆንም፤ ስንዴን የሚያለጥጠው ግሉተን በጤፍ ውስጥ ስለሌለ ሊጡ ሲጎተት ይበጠሳል፣ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። ሊጡ ጨው የበዛበት በመሆኑ ልጅ በብዛት እንዳይበላው መጠበቅ ግድ ነው፤ ቤት ውስጥ ውሻ ካለም ከእርሱ ይራቅ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምንም የማይገዛበት ወይም እጅግ በጥቂት የሚገዛበት ክፍል ነው፤ ቆርኪ፣ የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል፣ የእንቁላል ትሪ፣ የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የሽሮ ሜዳ ጥለት ፍርፋሪ፣ ቁልፍ፣ ሲባጎ። ለቆራሌው ከመስጠት በፊት ከረጢቱን አንድ ጊዜ መበርበር፣ መርካቶ ለሌላ ጉዳይ የሄደም በምናለሽ ተራ በኩል ማለፍ ብዙ ነገር ያስገኛል። እነዚህ ከሥዕል ዕቃነት የሚቆጠሩት አንድ ቆርኪ ዛሬ የመኪና ጎማ፣ ነገ የዓይን ብሌን፣ ከነገ ወዲያ በቀለም ተነክሮ ማኅተም ስለሚሆን ነው። ቁርጥራጩን የሚያያይዘው ነጩ ኮላ ከሁሉ ይመረጣል፤ በወረቀት፣ በእንጨትና በጨርቅ ላይ ይሠራል፣ ሳይደርቅም በውሃ ይለቃል። ሱፐር ግሉ ግን ቆዳን በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያጣብቅ ከልጅ እጅ መድረስ የለበትም። ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባለበት ቤት ቁልፍና ቆርኪ አፍ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮ ሊዘጋ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

የደኅንነቱ ጉዳይ ከዚህም ያልፋል። ሊድ የተባለው መርዘኛ ብረት የልጅን አንጎል የሚጎዳ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያደርስም የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። ኢትዮጵያም በቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 90 እንዳይበልጥ ባወጣችው ደንብ ወስናለች። ይሁን እንጂ ከቤት ዕድሳት የተረፈና በአኳራጅ የሚቀጥን የብረት ወይም የበር ቀለም ለልጅ መስጠት፣ ሊድ ባይኖርበት እንኳ ከአኳራጁ ትነት የተነሳ ጎጂ ነው። በፓኮው ላይ የሚታዩ ምልክቶችን ማንበብም ይጠቅማል። ኢኤን 71 የአውሮፓ የመጫወቻ ደኅንነት መለኪያ ሲሆን፣ ሦስተኛው ክፍሉ ሊድን ጨምሮ ከዕቃው ሊወጡ የሚችሉ ጎጂ ንጥረ ነገሮችን ይወስናል። ኤኤስቲኤም ዲ 4236 የሚለው የአሜሪካው ምልክት ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው «መርዝ የለውም» ማለት አይደለም፤ የዕቃው ይዘት በባለሙያ ተመርምሮ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጉዳት የሚያስከትል ነገር ካለበት ማስጠንቀቂያው እንዲጻፍ ተደርጓል ማለት ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ማየት የግድ ነው። የአምራቹ ስም የሌለበት፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ቀለም ምንም ምልክት ቢለጠፍበት አለመግዛት ይሻላል።

በጀቱ ውስን የሆነ ቤተሰብ በምን ቅደም ተከተል ይግዛ? እኔ ብሆን በመጀመሪያ አንድ ባለ 12 ክራዮን፣ አንድ እሽግ ተራ ወረቀት፣ ጫፉ የደነበዘ መቀስና ነጭ ኮላ እገዛለሁ፤ ይህ ብቻ ከቤት ከሚገኘው ቁርጥራጭ ጋር ወራት ያቆያል። ቀጥሎ ዋተር ከለርና ሁለት ብሩሽ፣ አንዱ ክብ አንዱ ጠፍጣፋ፤ ብሩሹ ከታጠበ በኋላ ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ በብርጭቆ ቢቀመጥ ቅርጹን ሳይቀይር ይቆያል። ፖስተር ከለር፣ ጭቃና ኦይል ፓስቴል ከዚያ በኋላ በየተራ ይመጣሉ። ቀለም እየመረጡ በተናጠል የሚሸጡ መደብሮችን አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ ጠቃሚ ነው፤ ነጭና ቢጫ ባለቁ ቁጥር ሙሉ ፓኮ መግዛት አያስፈልግም። በተለይ እንቁጣጣሽ ሲደርስ፣ ልጆች ለጎረቤት የሚያድሉትን የአበባና የመልአክ ሥዕል ከታተመው ከመግዛት ይልቅ በእጃቸው የሚሠሩ ከሆነ፣ ቢጫው ከጳጉሜን በፊት ማለቁ አይቀርምና አንድ ትርፍ ቢጫ በነሐሴ መጨረሻ ገዝቶ ማስቀመጥ ይገባል።